የታይስ ቫን ሌር ሁለት መንገዶች፦ ሆላንዳዊው የሮክ ኪቦርድ ተጫዋች በግሉ የሠራው ሙዚቃ

በ2010 የደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሰሞን የስፖርት ትጥቅ አምራቹ ናይኪ ረዘም ያለ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ለቆ ነበር። ድሮግባ፣ ሩኒ፣ ሮናልዲንሆና ክርስቲያኖ ሮናልዶ ኳስ እየገፉ ሲሮጡ ከበስተጀርባ አንድ ፈጣን የጊታር ሙዚቃ ይጋልባል። በመካከሉ ደግሞ አንድ ሰው ቃል የሌለው ዜማ ያንቆረቁራል፤ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን እየዘለለ ይመለሳል። ርእሱ «ሆከስ ፖከስ» ነው። ማስታወቂያው በወጣበት ጊዜ ሙዚቃው ከተቀዳ ወደ 40 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ያ ድምፅ የታይስ ቫን ሌር ነው።

የተቀረው ዓለም ቫን ሌርን የሚያውቀው በአብዛኛው በዚህ አንድ ሥራ ነው፤ «ፎከስ» የተባለው ባንድ መሥራች፣ የኦርጋን ተጫዋችና ዜማ ደራሲ መሆኑ ከዚያ ይከተላል። በአገሩ በኔዘርላንድስ ግን በብዙ ቤት የገባው በሌላ ሙዚቃ ነው። በግሉ ባወጣቸው አልበሞች ላይ ፍሉት፣ ማለትም የምዕራባውያኑን የብረት ዋሽንት፣ ይዞ በኦርኬስትራ ታጅቦ የባኽንና የፎሬን ዜማዎች በዝግታ ይጫወታል። ሁለቱን ለየብቻ የሰማ ሰው የአንድ ሰው ሥራዎች መሆናቸውን ለመቀበል ይቸገር ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸውን ለማሳየት ይሞክራል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮግሬሲቭ ሮክ ሲባል

ፕሮግሬሲቭ ሮክ በ1960ዎቹ መጨረሻ በተለይ በእንግሊዝ ጎልቶ የወጣ የሮክ ዘርፍ ነው። በዚያ ዘመን በሬዲዮ የሚሰማ ዘፈን በሦስት ደቂቃ አካባቢ ያልቃል፤ አዝማችና ግጥም እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። የዚህ ዘርፍ ሙዚቀኞች ይህ ልክ ጠበባቸው። የሸክላውን አንድ ገጽ በሙሉ የሚይዙ፣ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚሄዱ፣ በክፍል በክፍል የተደረሱ ሥራዎችን ማውጣት ጀመሩ። አሠራሩን ከክላሲካል ሙዚቃ፣ ነፃነቱን ከጃዝ፣ ጉልበቱን ከሮክ ወሰዱ። ኪንግ ክሪምሰን፣ የስ፣ ጀነሲስ፣ እንዲሁም ኤመርሰን ሌክ ኤንድ ፓልመር የዚህ ዘርፍ ታላላቅ ስሞች ናቸው።

በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ኪቦርድ ተጫዋቹ አጃቢ ብቻ ሆኖ አይቀመጥም። ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚደርሰው እሱ ነው፤ ምክንያቱም በልጅነቱ ፒያኖ ተምሮ፣ ኖታ አንብቦ፣ ባኽንና ቤትሆቨንን ተጫውቶ ያደገው እሱ ነው። ዋና መሣሪያው ሃሞንድ ኦርጋን ነበር። ሃሞንድ በ1935 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ነው። በውስጡ ጠርዛቸው ወጣ ገባ የሆነ ትንንሽ የብረት ጎማዎች ከማግኔት አጠገብ ይሽከረከራሉ፤ ከዚያ የሚመነጨው የኤሌክትሪክ ሞገድ በድምፅ ማጉያ በኩል ድምፅ ይሆናል። የተሠራው የቤተ ክርስቲያንን ውድ የቧንቧ ኦርጋን በርካሽ ለመተካት ነበር። ከጃዝ አልፎ ሮክ እጅ ሲገባ ግን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር የሚፋለም ሻካራና ጉልበተኛ ድምፅ ወጣው።

ኔዘርላንድስ ለዚህ ሙዚቃ የተመቸች ሆና ተገኘች። ኤክሴፕሽን የተባለው ባንድ በኪቦርድ ተጫዋቹ በሪክ ቫን ደር ሊንደን እየተመራ የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ወደ ሮክ ቀይሮ በ1969 ታወቀ። ሱፐርሲስተር፣ ኧርዝ ኤንድ ፋየር፣ ካያክ የተባሉትም ከዚያው ዘመን የወጡ ናቸው። ከሁሉም ይልቅ ግን በውጭ አገር ስሙ የገነነው ፎከስ ነው።

ፍሉት ከሚነፋበት ቤት

ታይስ ቫን ሌር መጋቢት 31 ቀን 1948 በአምስተርዳም ተወለደ። አባቱ ኤድ ቫን ሌር የክላሲካል ሙዚቃ ፍሉት ተጫዋች ነበር። ልጁ በፒያኖ ጀምሮ ወደ አባቱ መሣሪያ መጣ፤ ሁለቱንም አልተዋቸውም።

በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ራምሰስ ሻፊ ከተባለው ስመ ጥር ሆላንዳዊ ዘፋኝና የመድረክ ሰው ቡድን ውስጥ ገብቶ ሠራ። ሻፊ ቲያትርንና ዘፈንን አንድ ላይ የሚያቀርብ ሰው ነበር፤ ወጣቱ ቫን ሌርም ዜማ ለድምፅ መድረስን፣ ተመልካች ፊት መቆምን እዚያ ተለማመደ። በ1968 በዚያው ቡድን ለነበረች ሲልቪያ ለምትባል ዘፋኝ አንድ ዜማ ደረሰላት፤ እሷ ግን አልወደደችውም። ዜማው ለጥቂት ዓመታት መሳቢያ ውስጥ ቆየ።

በእነዚህ ዓመታት ለወደፊት ሕይወቱ ወሳኝ የሆነ ሰውም አገኘ፤ የቅንብር ትምህርት የሰጠውን ሮጊር ቫን ኦተርሎን። ቫን ኦተርሎ የታዋቂው የኦርኬስትራ መሪ የቪለም ቫን ኦተርሎ ልጅ ሲሆን ከክላሲካል ቤት ወጥቶ ወደ ጃዝና ወደ ፊልም ሙዚቃ የሄደ አቀናባሪ ነው። የአስተማሪና የተማሪ ግንኙነታቸው በኋላ የአብሮ አደግ ባልደረቦች ያህል ሆነ።

ፎከስና የመጣው ዝና

ፎከስ በ1969 ሲመሠረት ቫን ሌር ከቤዝ ጊታሪስቱ ከማርቲን ድሬስደንና ከድራመሩ ከሃንስ ክሌውቨር ጋር ነበር። ጊታሪስቱ ያን አከርማን ብዙም ሳይቆይ ተቀላቀለ። «ሄር» ለተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር የሆላንድ ዝግጅትም አጃቢ ሆነው ሠርተዋል።

በ1971 በወጣው «ሙቪንግ ዌቭስ» አልበም ላይ የባንዱ መልክ ሙሉ ሆነ። አልበሙ በ«ሆከስ ፖከስ» ይከፈታል። የአከርማን ጊታር አንድ አጭር ሐረግ ደጋግሞ ይመታል፤ በየመካከሉ ቫን ሌር በዮደል፣ በፉጨት፣ በፍሉትና በአኮርዲዮን እየተፈራረቀ ይገባል። ዮደል የአልፕስ ተራሮች እረኞች አዘፋፈን ነው፤ ድምፅን ከደረት ወደ ራስ፣ ከራስ ወደ ደረት በፍጥነት እያዘለሉ መዝፈን። የሸክላው ሌላኛው ገጽ ደግሞ «ኢራፕሽን» ለተባለ 23 ደቂቃ ገደማ ለሚሄድ ሥራ ተሰጥቷል፤ መነሻው ጣሊያናዊው ሞንቴቬርዲ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኦፔራ ያደረገው የኦርፌዎ ታሪክ ነው። በመካከላቸው ያለውና ለአልበሙ ስም የሰጠው አጭር ሥራ ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። እዚያ ላይ ቫን ሌር ብቻውን ፒያኖ እየተጫወተ ይዘምራል፤ ግጥሙ የሕንዳዊው የሱፊ መምህር የኢናያት ኻን ነው። በጣም ጯሂ በሆነው አልበም መሐል የወደፊቱ የግል ሥራው ዘር ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል።

ዝናው የመጣው በ1973 ነው። «ሆከስ ፖከስ» በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 9ኛ ደረጃ ደረሰ። ያ ዘፋኟ ያልወደደችው ዜማ ደግሞ ከመሳቢያ ወጥቶ «ሲልቪያ» በሚል ርእስ በባንዱ ተቀዳ፤ የዘፋኟን ቦታ የአከርማን ጊታር ወሰደው። ይህም በእንግሊዝ 4ኛ ደረጃን ያዘ። በ1974 የወጣው «ሃምበርገር ኮንሰርቶ» የመክፈቻ ዜማውን ያገኘው ብራምስ የሃይድን ነው ብሎ ካሰፋው ዝነኛ ኮራል፣ ማለትም የመዝሙር ዜማ፣ ነው። እንግዲህ ፎከስ በጣም ሮክ በሆነበት ሰዓት እንኳ እጁ ከክላሲካሉ መደርደሪያ ላይ አልተነሣም።

«ኢንትሮስፔክሽን» እና አሠራሩ

በ1972፣ ባንዱ ወደ ዓለም አቀፍ ዝና እየተንደረደረ ሳለ፣ ቫን ሌር «ኢንትሮስፔክሽን» የተባለውን አልበም በግሉ አወጣ። ቅንብሩንና የኦርኬስትራውን አመራር የያዘው ሮጊር ቫን ኦተርሎ ነው። ሌቲ ደ ዮንግ የተባለች ዘፋኝም ቃል ሳታወጣ ድምፅዋን እንደ መሣሪያ ትጠቀምበታለች።

የአልበሙ ዝርዝር ራሱ ብዙ ይናገራል። ከባኽ ሁለት ሥራዎች አሉበት፤ በማቴዎስ ወንጌል ላይ ከተመሠረተው የሕማማት ድርሰቱ «ኤርባርመ ዲኽ»፣ ከ«ቢ ማይነር» ቅዳሴው ደግሞ «አኙስ ዴይ»። ከፈረንሳዊው ከጋብርኤል ፎሬ የ1887 ድርሰቱ «ፓቫን» አለ። ከቫን ኦተርሎ የአልበሙ ስም የሆነው ሥራ ተካቷል። የሚገርመው ግን ከፎከስ አልበሞች የተወሰዱት «ፎከስ አንድ» እና «ፎከስ ሁለት» እዚሁ መግባታቸው ነው። ቫን ሌር በባንዱ አልበሞች ላይ ዝግ ያለ፣ ዜማው የሚመራው ሥራ እየደረሰ «ፎከስ» ብሎ ቁጥር ይሰጠው ነበር። እነዚያን ሥራዎች ከባኽና ከፎሬ ጎን ሲያስቀምጣቸው፣ በባንዱ ውስጥም የሚደርሰው ከየት እየተነሣ እንደሆነ ለሚሰማ ሰው ግልጽ አደረገ።

አንድ ጥያቄ እዚህ ጋ ይነሣል። በኪቦርድ የታወቀ ሰው በግሉ ሲወጣ ለምን ፍሉት ያዘ? መልሱ በመሣሪያዎቹ ጠባይ ውስጥ አለ። ኦርጋን በአሥር ጣት ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያሰማል፤ ቁልፉ እስከተጫነ ድረስም ድምፁ እኩል ይቆማል። ለሮክ ባንድ መሠረት የሚሆነው ለዚህ ነው። ፍሉት በተቃራኒው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዕድሜውም የሰው ትንፋሽ ያህል ነው። ተጫዋቹ አንዱን ድምፅ በቀስታ ጀምሮ ሊያሳድገው፣ ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያከስመው ይችላል። ለዘፈን የሚቀርበው እንዲህ ያለ መሣሪያ ነው።

ነገር ግን አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ መሣሪያ ብቻውን አልበም አይሞላም፤ ከሥሩ የሚደግፈው ያስፈልገዋል። የቫን ኦተርሎ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። አቀናባሪ ማለት ዜማው ሲዜም ከኋላው ምን እንደሚሰማ የሚወስን ሰው ነው፤ ቫዮሊኖቹ የት ይግቡ፣ የት ዝም ይበሉ፣ የሰው ድምፅ ከፍሉቱ ጋር አብሮ ይሂድ ወይስ ይመልስለት። ቫን ኦተርሎ ፍሉቱን ሁልጊዜ ፊት እያስቀመጠ ኦርኬስትራውን ከኋላው እንደ ለስላሳ ምንጣፍ ዘረጋለት። ስለዚህ በእነዚህ አልበሞች ላይ «ሶሎ» የሚለው ስም የአንድ ሰው ይሁን እንጂ ሥራው የሁለት ሰዎች ነው። የቫን ኦተርሎን ስም ሳይጠሩ ስለ ቫን ሌር የግል ሙዚቃ ማውራት ፍትሐዊ አይሆንም።

ሆላንዳውያን ለምን ወደዱት?

«ኢንትሮስፔክሽን» በኔዘርላንድስ በሰፊው ተሸጠ። የሮክ ሸክላ ገዝተው የማያውቁ ሰዎች ጭምር ቤታቸው አስገቡት። ለዚህ አንዱ ምክንያት የአገሪቱ የሙዚቃ ልማድ ነው ብል ስሕተት አይመስለኝም።

የባኽ የማቴዎስ ሕማማት በኔዘርላንድስ ልዩ ቦታ አለው። የኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ መሪ ቪለም ሜንገልበርግ በ1899 በሆሳዕና ማቅረብ ጀመረ፤ ልማዱም ሥር ሰደደ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የኔዘርላንድስ ባኽ ማኅበር በናርደን ከተማ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያቀርበዋል። ዛሬም ፋሲካ ሲቃረብ በትልልቅ አዳራሾችም በትንንሽ ከተሞች አብያተ ክርስቲያናትም ይዘመራል፤ ሃይማኖት የሌለው ሰው እንኳ ትኬት ቆርጦ ይገባል። «ኤርባርመ ዲኽ» የሚመጣው ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ክዶ፣ ዶሮ ጮኾ፣ ወጥቶ መራራ ልቅሶ ካለቀሰ በኋላ ነው፤ ምሕረት የሚለምን ዜማ ነው። አብዛኛው ሆላንዳዊ አድማጭ ይህን ዜማ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ቫን ሌር ያንኑ ዜማ በፍሉት ይዞ ሲመጣ አዲስ ነገር እንደሚያስተዋውቅ ሰው አልነበረም፤ ሰው የሚወደውን ነገር ከኮንሰርት አዳራሽ ወደ ሳሎን አመጣለት።

ፎሬም በደንብ የታሰበበት ምርጫ ነው። «ፓቫን» በኦርኬስትራ ሲቀርብ ዋናው ዜማ የሚጀመረው በፍሉት ነው፤ የገመድ መሣሪያዎቹ በጣት እየተነቀሱ ያጅባሉ። ቫን ሌር ያልነበረ ነገር አልጨመረበትም። ደራሲው ራሱ ለፍሉት የሰጠውን ዜማ አጉልቶ አወጣው።

ይህን ዓይነት ሥራ የሚነቅፉም አሉ። ባኽን ማለስለስ ከባዱን ሐዘን ወደ ማስታገሻ መቀየር ነው ይላሉ። ነቀፋው ባዶ አይደለም፤ የሕማማቱ ድርሰት ሙሉ ክብደት የሚሰማው ከፊቱና ከኋላው ካለው ታሪክ ጋር ነው። ቢሆንም ከእነዚህ አልበሞች ተነሥቶ ወደ ባኽ ሙሉ ድርሰት የተሻገረ አድማጭ ያተርፋል እንጂ አይከስርም። ቫን ሌርም እነዚህን ዜማዎች የሚጫወተው በአክብሮት ነው፤ ጣቱን ለማሳየት ሲሮጥባቸው አይሰማም።

ተከታዮቹ አልበሞች

ሁለተኛው «ኢንትሮስፔክሽን» በ1975፣ ሦስተኛው በ1977፣ አራተኛው በ1979 ወጣ። አሠራሩ አንድ ነው፤ ፍሉት፣ የቫን ኦተርሎ ቅንብር፣ የክላሲካል ዜማዎች፣ ከእነሱ ጋር አዳዲስ ድርሰቶች። በመካከሉ ሌሎችም አሉ። በ1975 የወጣው «ኦ ማይ ላቭ» ላይ ቫን ሌር እንደ ዘፋኝ ቀረበ። በ1976 ለገና በዓል የሚሆን አልበም ከቫን ኦተርሎና ከሌቲ ደ ዮንግ ጋር ሠራ። በ1978 ደግሞ «ናይስ ቱ ሃቭ ሜት ዩ» ወጣ።

እነዚህን ዓመቶች ከፎከስ ታሪክ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው። በ1976 ያን አከርማን ከባንዱ ወጣ፤ ቤልጂጋዊው ጊታሪስት ፊሊፕ ካተሪን ገባ። በ1978 ባንዱ ተበተነ። የባንዱ መንገድ እየጠበበ በሄደባቸው በእነዚሁ ዓመታት የግል አልበሞቹ ሳይቋረጡ ወጡ። የግል ሥራው መጀመሪያ ላይ የትርፍ ጊዜ ሥራ ይመስል ነበር፤ ባንዱ ሲፈርስ ግን ቫን ሌር የሚቆምበት መሬት ሆኖ ተገኘ።

ቫን ኦተርሎ በበኩሉ «ቱርክስ ፍራውት» እና «የኦራንየ ወታደር» ለተባሉት ታዋቂ የሆላንድ ፊልሞች ሙዚቃ ደርሷል፤ ከ1980 ጀምሮም የሜትሮፖል ኦርኬስትራ መሪ ነበር። በ1988 ገና በ46 ዓመቱ አረፈ። «ኢንትሮስፔክሽን» የሚለው ስም በ1992 በሌላ አልበም ላይ ተመልሶ ቢመጣም፣ የመጀመሪያዎቹ አራት አልበሞች ጓደኝነት በዚያ ሞት ተዘግቷል።

ወደ ፎከስ መመለስ

ቫን ሌርና አከርማን በ1985 አንድ አልበም አብረው ሠርተው ነበር፤ ባንዱን ግን አላስነሣውም። ትንሣኤው የመጣው ከታች ነው። የቫን ሌር የእንጀራ ልጅ የሆነው ቤዝ ጊታሪስት ቦቢ ጃኮብስ ከጓደኞቹ ጋር የፎከስን ሥራዎች የሚጫወት ባንድ አቋቁሞ ነበር። ቫን ሌር ተቀላቀላቸውና ባንዱ ስሙን መልሶ ወሰደ፤ በ2002 «ፎከስ 8» ወጣ። ከባንዱ የቀድሞ ድራመሮች አንዱ የሆነው ፒየር ቫን ደር ሊንደንም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ባንዱ አዳዲስ አልበሞች ማውጣቱን ቀጥሏል፤ «ፎከስ 11» በ2018፣ «ፎከስ 12» በ2024 ወጥተዋል። በቁጥር የሚጠሩት ዝግ ያሉ የቫን ሌር ሥራዎችም አብረው ቀጥለዋል።

ከየት ይጀመር?

ለአዲስ አድማጭ አንድ መንገድ ልጠቁም። መጀመሪያ «ፎከስ ሁለት»ን ከ«ሙቪንግ ዌቭስ» አልበም ስሙ፤ ከዚያ ያንኑ ሥራ ከ1972ቱ «ኢንትሮስፔክሽን» ስሙ። ዜማው አንድ ነው። በመጀመሪያው ላይ ኤሌክትሪክ ጊታሩና ኦርጋኑ ምን ቦታ እንደያዙ፣ በሁለተኛው ላይ ፍሉቱና ኦርኬስትራው ያንን ቦታ እንዴት እንደሞሉት ልብ በሉ። ቀጥሎ «ኤርባርመ ዲኽ»ን ከአልበሙ፣ ከዚያም ባኽ እንደ ደረሰው በዘፋኝና በቫዮሊን ስሙት። «ሆከስ ፖከስ»ን መጨረሻ ላይ አድርጉት። በዚያ ሁሉ ፍጥነትና ጩኸት መካከል ፍሉቱ ሲገባ፣ ድምፁ የትኛው ቤት እንዳደገ ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ።

ስለ ታይስ ቫን ሌር የሚጻፍ ማንኛውም ታሪክ በዮደሉ ቢጀምር አይፈረድበትም፤ በዚያ ብቻ ቢጨርስ ግን ግማሹን ሰው ትቷል። ዓለም የጨፈረበት ሥራው ትልቅ ነው። የአገሩ ሰው ቤቱ ያስገባው ሥራው ከዚያ አያንስም፤ እንደ እኔ ፍርድ የደራሲው ልብ ይበልጥ የሚሰማው በዚህኛው ነው።